ሰው ጎድሎናል

አንድ ሰው ነበረ። መስታወት ቆራጭ ነው። የመስኮቱንም፣ የበሩንም፣ የሱቅ መደርደሪያውንም መስታወት በልክ ቆርጦ ይሸጣል። ጣቶቹን ብታዩ ጠባሳ የሌለበት ጣት የለውም። ስሙን አየልኝ እንበለው፤ እውነተኛውን ስሙን ለእሱ ልተውለት። ታሪኩን ግን ይንገሩ ብሎ ፈቅዶልኛል።

ይህ ሰው የሚኖርበት ከተማ ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ። ተኩስ ቀረበ ተባለ፣ ሰው በሩን ሳይቆልፍ ወጣ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ጠዋት ያየ አለ? አለ። አንገታችሁን ስትደፉ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አየልኝ ሚስቱን ዘርትሁንንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከከተማው ዳር ሰው የሚጭን አይሱዙ አገኘ። ትንሹን፣ ዳግምን፣ እናቱ አዝላዋለች። ያፌትን እሱ ተሸክሞታል። ተሳፈሩ። መኪናው ሊነሳ ሲል አየልኝ ቤተሰቡን ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ትልቋ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ትርሲት፣ የለችም። የእናቷን ቀሚስ ይዛ ስትከተል ነበር፤ በግፊያው እጇ ለቅቋል።

ዘሎ ወረደ። ሾፌሩ፣ "ሰውዬ፣ ትቼህ ነው የምሄደው!" ብሎ ጮኸበት።

ዘርትሁን የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፏ እየደበደበች፣ "ሰው ጎድሎናል! እባክህ አትንዳ፣ ሰው ጎድሎናል!" አለች።

"የማን ልጅ ናት?" አለ ሾፌሩ።

አየልኝ እየሮጠ ዞር ብሎ፣ "የእኔ!" አለ።

ሕዝቡ ሁሉ ወደዚህ ሲሸሽ እሱ ወደዚያ ሮጠ። ወደ ተኩሱ። አገኛትም። የወለቀ ጫማዋን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የመብራት እንጨት አቅፋ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። "እንደምትመጣ አውቅ ነበር፣ አባቢ" አለችው። ተሸክሟት ተመለሰ። ሾፌሩም፣ እግዜር ይስጠው፣ ጠብቋቸው ነበር።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ትርሲት አየልኝ የወለዳት ልጅ አይደለችም። የወንድሙ የስንሻው ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ሞተች፤ ስንሻው ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ በመኪና አደጋ ሞተ። አየልኝና ዘርትሁን ያን ጊዜ ገና ልጅ አልነበራቸውም። እና ያንን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ "አባቢ" ብሎ የጠራው አፍ የእሷ አፍ ነው። አባትነትን የተማረው ከማን ነው? ከእሷ ነው።

ትገረማላችሁ? አትገረሙም። የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ ያላደገበት ቤት ከእናንተ ውስጥ የማን ቤት ነው?

ከስደት ሲመለሱ ሱቁ ውስጥ አንድ ሙሉ መስታወት አልቀረም። አየልኝ ስብርባሪውን በአካፋ እየዛቀ፣ "ዳግመኛ ቤተሰቤን ይዤ በእግሬ አልሮጥም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አልጋ ስር አምስት ቦርሳ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ። ልብስ፣ የውኃ ላስቲክ፣ የዘመድ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት።

ቦርሳው ግን ለልቡ አልበቃውም። በባሕር ማዶ አንድ አገር ገንዘብ ላስገባ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል ሲባል ሰማ። እዚሁ እየሠሩ መኖር ይቻላል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን በር የሚከፍት ወረቀት በኪስ አለ። ይህ ኃጢአት ነው? አይደለም። ልጆቹን ይዞ የሮጠ አባት ሁለተኛ በር ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። እናንተም አትፍረዱ።

አዲስ አበባ ወጥቶ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ገባ። ቢሮው ቀዝቃዛ ነው፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው። አንዲት ትሑት ወጣት ፓስፖርቶቹን ተቀብላ አንድ በአንድ አነበበች። "ያፌት አየልኝ። ዳግም አየልኝ። ትርሲት ስንሻው።" ቀና አለች። "ይቅርታ፣ ይቺኛዋ የማን ልጅ ናት?"

ወገኖቼ፣ ጥያቄው ያው የሾፌሩ ጥያቄ ነው። አየልኝ ምን አለ?

"የወንድሜ" አለ።

"እንግዲያው በእርስዎ ፋይል አትገባም። የጉዲፈቻ ውሳኔ ከፍርድ ቤት ካለዎት ይቻላል።"

ከየት ይምጣ? በእኛ አገር የወንድሙን ልጅ ለማሳደግ ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን አለ? "ምነው፣ ወንድሜን ልክሰስ ነው?" ይላል ሰው። ሳቃችሁ፤ ሳቁ። አየልኝም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ እየሳቀ ነው የኖረው። ወረቀቱን ለማውጣት ደግሞ ወራት ይፈጃል፤ ማመልከቻው ግን የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው።

እኔ ጋ መጣ። የንስሐ አባቱ ነኝ። "አባ፣ አራታችንን ይቀበላሉ፤ ትርሲትን አይቀበሉም። ምን ላድርግ?" አለኝ።

እኔ ተዝካር ተጠርቼ ልወጣ እየተጣደፍኩ ነበር። ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? "ልጄ፣ እናንተ አስቀድማችሁ ተደላደሉ። እሷን በኋላ ትወስዷታላችሁ" አልኩት። መስቀል አሳለምኩትና ሄድኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ይህን ልብስ ለብሼ፣ ይህን መስቀል ይዤ፣ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅን በአምስት ደቂቃ ከቤቷ አስወጣሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ለማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ትርሲት አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ ፎቶ ሊነሳ እንደሆነ ሰምታለች። ጠዋት ተነስታ የወንድሞቿን ሸሚዝ ተኮሰች። የዳግምን ፀጉር በውኃ አስተኛች። ከዚያ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆመች።

አየልኝ አያት። "ትርሲቴ፣ አንቺ ቤት ጠብቂ። የአንቺ በኋላ ነው" አላት።

"እሺ፣ አባቢ" አለች።

ሲመለሱ ቀሚሱን አውልቃ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ከአልጋው ስር ቦርሳዎቹን አውጥታ ታስተካክላለች። አየልኝ ቢያይ ቦርሳው አራት ነው።

"የአንቺስ?" አላት።

"የዳግም ዚፑ ተበላሽቷል። የእኔን ለእሱ አደረግኩለት። እኔ ስለማልሄድ።"

"ማን ነው እንደማትሄጂ የነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ፎቶ ስላልተነሳሁ ነው።" ከዚያ ቀና ብላ፣ "አባቢ፣ እናንተ ስትሄዱ እኔ ማን ጋ ነው የምሆነው?" አለችው።

አለቀሰች? አላለቀሰችም። ምሳ ምንድን ነው ብላ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው። ያ አባት በተኩስ መሐል "የእኔ" ብሎ ነበር፤ በገዛ ቤቱ፣ በሰላም ቀን፣ ልጁን በር ላይ ትቷት ሄደ። ጠመንጃ ያልለየውን አንድ ቅጽ ለየው።

ዘርትሁን ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። አልጮኸችም፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጋ፣ "አየልኝ፣ ሰው ጎድሎናል" አለችው።

ሰኞ ጠዋት ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮው ስልክ ደወለ። "እህቴ፣ ፋይሉን አቁሚልኝ" አላት። ወጣቷ፣ "ጋሼ፣ በሩ ሊዘጋ እኮ ነው፤ ዳግመኛ ላያገኙት ይችላሉ" ብላ ለመነችው። እውነቷን ነው፤ ለእሱ አዝና ነው። "ይዘጋ። እኛ አልተሟላንም" አላት።

ከዚያ እኔ ጋ መጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አባ፣ ያሉኝን አላደረግሁም፤ ይፍቱኝ" አለኝ። እሱ እኔን ይፍቱኝ ይለኛል! ማን ነው ፈቺ፣ ማን ነው ተፈቺ? ወገኖቼ፣ ያን ቀን እግሩ ላይ ወደቅሁ። ዛሬም እናንተ ፊት የምናገረው ለዚህ ነው።

ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛዋ፣ "ዘጠኝ ዓመት ካሳደጓት እስከ ዛሬ የት ነበሩ?" ብለው ጠየቁት። "ክብርት ዳኛ፣ ልጄ ስለሆነች ነው ያልመጣሁት" አለ። ዳኛዋ ወደ ልጅቷ ዞሩ። "አባትሽ ማን ይባላል?" "ስንሻው።" "እኚህስ ማን ናቸው?" "አባቢ ነው።" ዳኛዋ ብዙ አልጠየቁም።

ውሳኔው ወጣ። የዚያኛው አገር በር ግን ተዘግቷል። ይከፈት ይሆን? አላውቅም። ነገ ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ይሆናሉ? አላውቅም። ሁሉም በደስታ ተፈጸመ ብዬ አላታልላችሁም። መስታወቱን ይቆርጣል፣ ሌላ በር ይፈልጋል፣ አንዳንድ ጠዋት ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። ከአልጋው ስር ግን ዛሬ አምስት ቦርሳ አለ። እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

"እኛ ፓስፖርት የለን፣ ባሕር ማዶ የለን፣ ይህ አይመለከተንም" የምትሉ አላችሁ። ኧረ ይመለከታችኋል! ለቤተሰባችሁ ደኅንነት ያላሰበ ማን አለ? ቤት ስትሠሩ፣ ከተማ ስትቀይሩ፣ ርስት ስታወርሱ በልባችሁ ዝርዝር ትይዛላችሁ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ "ቤት ጠብቂ፣ የአንቺ በኋላ ነው" ያላችኋት ማን ናት? ዐሥር ዓመት ልጆቻችሁን ያሳደገችላችሁ ሠራተኛችሁ ናት? ባላችሁ ከመጀመሪያ ትዳሩ ይዞት የመጣው ልጅ ነው? አእምሮው ስለታመመ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምታስገቡት ወንድማችሁ ነው? "በኋላ" አላችሁ። በኋላ መቼ ነው?

እነሱ አይጠይቋችሁም። እሺ ይላሉ። ቀሚሳቸውን አጥፈው ያስቀምጣሉ። ቦርሳቸውን ለእናንተ ልጆች ይሰጣሉ። ዝምታቸውን ደኅና ናቸው ብላችሁ አትተርጉሙት።

እስቲ እናንተስ በእግዚአብሔር ቤት የገባችሁት በማን ስም ነው? በተፈጥሮ የእሱ ልጆች ነበርን? አልነበርንም። ወንዱ በአርባ ቀን፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ተጠምቀን ልጅነት በጸጋ ተሰጠን። አንድያ ልጁ "የአባታቸው ስም ሌላ ነው፣ በፋይሌ አይገቡም" ቢል ኖሮ ዛሬ የት ነበርን? እሱ ግን ወረደ። ሁሉ ከሚሸሽበት፣ ሞት ካለበት መጣ። የማን ናቸው ሲባል "የእኔ" አለ። በዚህ ምሕረት የገባ ሰው እንዴት ሌላውን በር ላይ ያቆማል?

ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ሁለተኛ በር ፈልጉ፤ አልከለክላችሁም፣ ዘመኑ ክፉ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ቁጠሩ። ቢሮ ውስጥ እንደሚቆጠረው አይደለም፤ የዚያን ጠዋት፣ መኪናው ላይ ሆናችሁ እንደምትቆጥሩት ቁጠሩ። ከጎደለም አትፈሩ። የጋቢናውን ጣሪያ ደብድቡ። በሩ ቢዘጋም ይዘጋ። ሰው ጎድሎናል በሉ።