የአያ ደባልቄ እርሳስ

አያ ደባልቄን እኔ አላየሁትም። የነገረኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ደግሞ ወሬ ሲቀበል በልኩ፣ ሲሰጥ ግን አትረፍርፎ ስለሆነ፣ የተጨመረ ነገር ካለበት እሱ ይጠየቅበት።

አያ ደባልቄ እርሳስ ነጋዴ ነበር። ያን ጊዜ ጥይት የሚሠራው በየቤቱ እርሳስ እያቀለጡ ስለነበር፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እርሳስ ከጨው እኩል ይፈለግ ነበር። እሱም ባሕሩ ዳር ድረስ ወርዶ ይገዛና በዳማ በቅሎው ጭኖ ይመለሳል። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ያለችው ያቺው በቅሎ ናት። መንገድ ለመንገድ ሲያጫውታት ይውላል፤ ቀልዱን ሁሉ መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ነበረች ይላል አጎቴ።

አንድ ዓመት ፈረንጆች እርስ በርሳቸው ተዋጉና እርሳስ ከገበያ ጠፋ። የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ነካ። ያገሩ ገዥ ፊታውራሪ ጉልላት አያ ደባልቄን አስጠርተው፣ «የፈረንጅ ጦርነት እኔን ምን አገባኝ? ምን ሆነህ ነው ያስወደድክብኝ?» ብለው ተቆጡ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፤ ለእኛ መሸጡን ትተው እርስ በርሳቸው በነጻ እየተሰጣጡት ነው!»

በዚያው ሰሞን ወንድይፍራው የሚባል ሀብታም ነበር። ለእንግዳ ውሃ ሲሰጥ እንኳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ንፉግ ነው። ዋጋው ገና ይጨምራል ብሎ፣ ያገኘውን እርሳስ ሁሉ ገዝቶ ጓሮው ውስጥ ቀበረ። አዳኙም ወታደሩም ቢለምነው አልሸጥም አለ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንጆቹ ታረቁ፤ እርሳሱ እንደ ጉድ ጎረፈ፤ ዋጋው ወረደ። ወንድይፍራው ራሱን ይዞ አያ ደባልቄ ዘንድ መጣና፣ «ያን ሁሉ እርሳስ ቀብሬ ምን ይሻለኛል?» አለው።

«ቀብሩንስ አሳምረኸዋል፤ የቀረህ ተዝካሩን ማውጣት ነው።»

ድግስ የሚባል ነገር ሲነሳ የባሰውን ደነገጠ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ለጽሕፈት የሚሆነው የእንጨቱ እርሳስ ካገራችን ገባ። ፊታውራሪ እንዳዩት ወደዱት። አንዱን ከጉያቸው አይለዩትም፤ ጫፉን በምላሳቸው እያራሱ ይጽፋሉ። ወረቀትና እርሳስ ያለ ቀረጥ ይለፍ ብለውም ለኬላው አዘዙ። አያ ደባልቄ እንደ ወትሮው ጭኖ ሲመጣ የኬላው ጠባቂ፣ «ምንድን ነው የጫንከው?» አለው። «እርሳስ ነው» አለ፤ አልዋሸም። ጠባቂው ፊቱ በራ። «ደኅና አድርጎ ይጽፋል?»

«እሱ የጻፈውን እስካሁን የፋቀ ሰው የለም።»

ጠባቂውም መርቆ አሳለፈው።

ወሬው ፊታውራሪ ጆሮ ሲደርስ እሳት ጎረሱ። የእርሳሱን ንግድ ብቻቸውን ሊይዙት ሲያስቡም ቆይተው ነበርና፣ ምክንያት አገኙ። ገበያ መሀል አዋጅ አስነገሩ፤ «ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እርሳስ ይዞ የተገኘ ሰው በቅሎው ትወረስ!»

አያ ደባልቄ ባሕር ወርዶ ስለነበር አልሰማም። ሲመለስ ያው ጠባቂ ቂሙን ይዞ ጠበቀውና በቅሎዋን ከነጭነቷ ነጠቀው። እርሳሱስ ይቅር። በቅሎዋ እየተጎተተች ዞር ብላ ስታየው ግን መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ቀልደኛ ሰው አያለቅስም ያለ ማነው? ያን ዕለት አልቅሷል።

በማግሥቱ ችሎት ቀረበ። «ጌታዬ፣ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ አዋጁን አልሰማሁም። እርሳሱን ይውሰዱት፣ በቅሎዬን ብቻ ይመልሱልኝ» አለ።

«አዋጅ አዋጅ ነው!» አሉ ፊታውራሪ። «ከአፌ የወጣ ቃል ለማንም አይታጠፍም፤ ለገዛ ወንድሜም ቢሆን!»

ጸሐፊው አዋጁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደግሞ አነበበው፤ «ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እርሳስ ይዞ የተገኘ ሰው በቅሎው ትወረስ።» ፊታውራሪም ፍርዱን ሊፈርሙ ያችን የሚወዷትን እርሳስ ከጉያቸው አወጡ። ጫፏን በምላሳቸው አራሱና ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።

አያ ደባልቄ እጃቸውን አየ። ዞር ብሎ ደጁን አየ። ከዚያ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ጠየቀ፤

«ጌታዬ፣ የእርስዎ በቅሎ የት ነው የታሰረችው?»