ጭራሮው አባት

እጃቸው አርፎ የማይቀመጥ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። አቶ ሸዋረጋ ይባላሉ። የሚሠራ ሬዲዮ ይፈታሉ፣ ያልላላ ብሎን ያጠብቃሉ፣ የተተከለ አበባ ነቅለው ሥሩን ያያሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ውብአንቺ "ምነው ይሄ ጡረታ ባልመጣ" እያሉ ሲማረሩ፣ ሰውዬው ጭራሽ አኳሪየም፣ የዓሣ ማርቢያ መስታወት፣ ገዝተው ሳሎኑ መሃል ገተሩት።

ከዓሦቹ ሁለቱ ደረቅ እንጨት ነው የሚመስሉት፤ ቀጭን፣ ቡናማ፣ አፍንጫቸው የሾለ። ቤተሰቡ "ጭራሮ" ብሎ ሰየማቸው። አቶ ሸዋረጋ የጭራሮዎቹን ልጆች ለማየት ክፉኛ ጓጉ። አንድ ቀን እንስቷ እንቁላሎቿን መስታወቱ ላይ በረድፍ ለጥፋ ሄደች፤ ዘወር ብላም አላየቻቸው። ወንዱ ግን መጥቶ እላያቸው ላይ ተጋደመ። በክንፉ ውሃውን ያራግብላቸዋል፣ በአፉ አንድ በአንድ ይጠርጋቸዋል። አቶ ሸዋረጋ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ሲያዩት ቆዩና፣ አንዱን እንቁላል ነቅሎ ሲውጥ ጮኹ።

"ልጆቹን እየበላ ነው! ይሄ አውሬ!"

በመረብ አውጥተው ባልዲ ውስጥ ከተቱት። የአባትነቱንም ሥራ ራሳቸው ተረከቡ። እንቁላሎቹን በላባ ይጠርጋሉ፣ የአየር ፓምፑን ያጠጋሉ፣ መልሰው ያርቃሉ። እንቁላሎቹ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አወጡና ሁሉም ተበላሹ። ወንዱ ከተመለሰ በኋላ ዓሣዋ እንደገና ስትጥልም ያው ሆነ። ያው መረብ፣ ያው ባልዲ፣ ያው ሻጋታ።

ወይዘሮ ውብአንቺ ይህን ሁሉ የሚያዩት ሶፋው ላይ ሆነው ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው። ሴት ልጃቸው ሐመልማል የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንደ ደንቡ እናቷ ቤት ልትታረስ መጥታለች። ሕፃኑ ክርስትና ከተነሳ ሰንብቷል፤ ነገር ግን "ትንሽ ይጠንክር" እየተባለ ወደ ቤቷ መመለሷ ሲገፋ ሲገፋ ቆየ። ባሏ ይስሐቅ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ልጁን ሊታቀፍ ክንዱን ይዘረጋል። ወይዘሮ ውብአንቺ ግን "አንገቱን! አንገቱን ያዝ! ኧረ አምጣው ወዲህ፣ ልትጥልብኝ ነው" ብለው መልሰው ይቀበሉታል። አንዴ ዳይፐሩን ገልብጦ አስሮለት ነበር። ጥፋቱ ለዘመድ ሁሉ በስልክ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ይስሐቅ እንደ እንግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ሰሞኑን ደግሞ መምጣቱንም እየተወው ነው። ሐመልማል ባሏ ከልጁም ከእሷም እየራቀ መሆኑ ይታወቃታል። እናቷን ማስቀየም ግን ፈርታለች።

ጭራሮዋ ለሦስተኛ ጊዜ እንቁላል የጣለች ዕለት አቶ ሸዋረጋ መረባቸውን አንስተው ተንደረደሩ። ወይዘሮ ውብአንቺ ሕፃኑን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ብድግ ብለው አኳሪየሙ ፊት ቆሙ። ትዕግሥታቸው አልቋል።

"ንካውና አንተን ነው ባልዲ ውስጥ የምከትህ!"

"እየበላቸው እኮ ነው፣ ውቤ!"

"የሚበላው የተበላሸውን ነው! እዚህ ቁጭ ብዬ ስንቴ አይቼዋለሁ። የነጣውን ለቅሞ ያወጣል፣ ደህናውን አይነካም። ሻጋታው የተዛመተው አንተ እሱን ካነሳኸው በኋላ ነው። አባት ነው እኮ! ሥራውን ያውቃል፤ ባያውቅም እየሠራ ያውቀዋል። አንተ እየነጠቅከው መቼ አባት ይሁን? ኧረ አታድርቀኝ!"

ይስሐቅ በሩ ላይ ቆሟል። የገባው በጭቅጭቁ መሃል ስለሆነ ልብ ያለው አልነበረም። እንደ ልማዱ ወደ ሶፋው ጫፍ ሊያመራ ሲል ሐመልማል አየችው። ከእሱ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ" አለች። "አሁን ለአባዬ ያልሽውን እስቲ ድገሚው። ይስሐቅን እያየሽ ግን።"

ወይዘሮ ውብአንቺ መጀመሪያ ተናደዱ። እሳቸውን ከዚህ እጁ ከማያርፍ ሰውዬ ጋር ማወዳደር! ከዚያ ግን የገዛ ቃላቸው ጆሯቸው ላይ አቃጨለ። አቶ ሸዋረጋ መረባቸውን እንደያዙ ሚስታቸውን ያያሉ። ወይዘሮ ውብአንቺ እንደዚያን ቀን አፍረው አያውቁም። ሕፃኑን ከትከሻቸው አውርደው ለይስሐቅ ሰጡት። "አንገቱን" የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ዋጡት።

ሕፃኑ አለቀሰ። ይስሐቅ አያያዙን ቀየረ፤ አሁንም አለቀሰ። ሶፋው ላይ ቢቀመጡም ወይዘሮ ውብአንቺን እጃቸውን በላቸው። ብድግ ሊሉ ሲሉ አቶ ሸዋረጋ ቀሚሳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

"ንኪውና ባልዲው እዚህ አለልሽ።"

ልጁ አልቅሶ አልቅሶ በመጨረሻ አባቱ ደረት ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ይስሐቅ እንዳይቀሰቅሰው ብሎ ሻዩን ሳይጠጣ አመሸ።

በዚያው ሳምንት ሐመልማል ዕቃዋን ሸክፋ ከባሏ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለቱ አዛውንቶች ሳሎን ውስጥ እጃቸውን አጣጥፈው ጭራሮውን ይጠብቁ ጀመር። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ለሁለቱም ቅጣት ነበር። ጥቂት እንቁላሎች ነጡ፤ አባትየው ለቅሞ አወጣቸው። በቀሩት ውስጥ ጥቁር ነጥብ የመሰለ ዐይን ታየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከሽፋሽፍት የማይበልጡ ትንንሽ ጭራሮዎች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ተገኙ። ያኔ ለአቶ ሸዋረጋም ሥራ ተገኘላቸው። ዝኩኒ ቀቅለው ያቀርባሉ፣ ውሃውን ትንሽ ትንሽ እየቀነሱ ይቀይራሉ። ወይዘሮ ውብአንቺም ለልጃቸው ወጥ ሠርተው ይልካሉ፤ ሲጠሯቸው ይሄዳሉ። ዳይፐሩ አሁንም አንዳንዴ ጠምሞ ይታሰራል። ሕፃኑ ግን ወፍሯል።

ይህን እያነበባችሁ "ልክ እንደ ጎረቤቴ!" ያላችሁ አትጠፉም። ወይዘሮ ውብአንቺም ጥፋቱን ያዩት ባላቸው ላይ ብቻ ነበር። ስለምንወዳቸው ብቻ ሥራቸውን የምንነጥቃቸው ሰዎች አሉ። "አይችልም" እንላለን፤ እንዳይችል ያደረግነው እኛው ሆነን። መርዳት ማለት ውሃውን ንጹሕ ማድረግ ነው እንጂ ባለቤቱን ከቦታው ማንሳት አይደለም።

እስቲ ዛሬ ዘወር ብላችሁ ተመልከቱ። በእናንተ ባልዲ ውስጥ ያለው ማን ነው?