ከአውጫጭኙ ውጪ የቆመው ሰው

«ትምህርቱን ብታቆሚም፣ ያልገባሽ ነገር ሲኖር መጥተሽ ጠይቂኝ» ብለዋት ነበር ጋሼ ይርዳው፣ ትርንጎ ከሰባተኛ ክፍል የወጣች ጊዜ። አስተማሪዋ ነበሩ። ዓመታት አልፈው፣ ወልዳ፣ ልጇንም ለትምህርት ካደረሰች በኋላ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች።

ከልጇ ጋር የምትማር፣ ስትናገር አፏን ያዝ የሚያደርጋት ልጅ ነበረች። ልጆች ሲያሾፉባት፣ ሲገፈትሯት ከርመው፣ አንዷ ብትመታት ትምህርት ቤት መምጣቱን ተወችው። ወሬው ሬዲዮ ላይ ደረሰ። አንዱ ጣቢያ ጥፋቱን በመታቻት ልጅ እናት ላይ ጣለ፤ ሌላው በልጆቹ አስተማሪ ላይ። ትርንጎ ሁለቱንም አዳመጠች፤ ሁለቱም እውነት መሰሏት።

«ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው ጋሼ?»

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እሳቸው። «ሥራው ለገበያተኛ ወሬ መንገር ነው። በዚያ አገር አንዲት የደሃ ልጅ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ልጆች ጠብቀው ይሰድቧታል፣ እንስራዋን ይሰብሩባታል። አንድ ቀን ጠፋች። አገሬው እንደ ልማዱ አንድ አጥር ግቢ ገብቶ አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ከአጥሩ የሚወጣ፣ እህል የሚቀምስ የለም። ያ ሰው ብቻ ወሬ ነጋሪ ነው ተብሎ ውጪ ቆመ። አንዱ ረሃብ ሲጠናበት የአንዲት ባል የሌላት እናት ልጅ ስም ጠራ። ልጁ በእርግጥም ድንጋይ ወርውሯል። ሰውየው ስሙን ተቀብሎ ገበያ ላይ ጮኸ። አገሬው እፎይ ብሎ ተነሣ። የጠፋችውን ልጅ ግን የፈለጋት የለም።

«አውጫጭኙን የመሩት ዳኛ ይህን አይተው ሕዝቡን መልሰው አስገቡ። ያንንም ሰው ‹አንተም ግባ› አሉት።

«‹እኔ ምን አደረግሁ?›

«‹ያደረግኸውን አልጠየቅሁህም። ያየኸውን ተናገር።›

«ሰውየው በምንጩ ሲያልፍ ልጆች ሲመቷት ያይ እንደነበር፣ ገበያው እንዳይረፍድበት ትቷት እንደሚሄድ ተናገረ። ያን ጊዜ የሌላውም አፍ ተፈታ። ውሃ ቀጂዎቹ አይተዋል፤ አባቶች ሰምተው ስቀዋል። አንዷም ልጅቱ ወደ አክስቷ አገር መንገድ ስትጀምር ማየቷን አወጣች። ሄደው አመጧት።»

ወደ ትርንጎ ዞር አሉ። «ሬዲዮሽ ያ ሰው ነው። እኔና አንቺ ደግሞ ስም ሲጠራ እፎይ ብለን የምንነሣው ነን። የመታችው አላጠፋችም አላልኩሽም። ግን አንድ ስም ከተገኘ ፍለጋው ያበቃል፤ ልጅቱም እንደጠፋች ትቀራለች።»

«እኔማ የኔዋ አልነካቻትም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

ቤቷ ስትገባ ልጇን «ማን መታት?» ብላ አልጠየቀቻትም። «አንቺስ የት ቆመሽ ነበር?» አለቻት። ልጇ አቀረቀረች። ትርንጎ ነጠላዋን ደረበች፤ እጇን ይዛም ትምህርት የተወችውን ልጅ ቤት እያጠያየቀች ሄደች።