የግምጃ ቤቱ ሰውና ሽቶ አተሩ

አንድ ጡረታ የወጡ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ስማቸው አቶ ወንድይፍራው ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቃ ሲጠብቁ ኖረው ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ከእጃቸው አልወጣችም። እንዲያውም አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥረጊያ ፈልገው ቢመጡ፣ ማዘዣዎ የታለ ብለው ባዶ እጃቸውን መልሰዋቸዋል ይባላል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ዕቃ ደኅና የሚሆነው መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ነው ብለው ያምናሉ። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን አስረከቡ እንጂ አመሉን ይዘውት ነው ቤታቸው የገቡት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸው ከደከመ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያዩም። አንድ ቀን ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ፣ በተማሩበት ትምህርት ቤት አጥር ላይ ይወጣ የነበረ አንድ አበባ ትዝ አላቸው። ሽቶ አተር ነበር የሚሉት። ሐረጉ እንደምናውቀው አተር ሽቅብ ይሳባል፤ ፍሬው ግን አይበላም፣ ለሽታው ብቻ ነው የሚተከለው። ወይዘሮ አስካለ፣ ያንን ሽታ አንድ ጊዜ ባገኘው አሉና ሌላ ወሬ ቀጠሉ።

ለአቶ ወንድይፍራው ግን ይህ ከበቂ በላይ ማዘዣ ነበር። ከተማውን ሲያስሱ ሰንብተው ዘሩን ከአንድ ችግኝ ጣቢያ አገኙ። ቦጋለ የሚባል የጣቢያው አትክልተኛ አተካከሉን አሳያቸው። ዘሩን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጓሯቸው አጥር ሥር ተከሉት፣ ሐረጉ የሚይዘው እንዲያገኝም ሲባጎ ወጠሩለት። ኅዳር ሲገባ አጥሩ በነጭ፣ በሮዝና በወይን ጠጅ አበባ ተሸፈነ።

በየጠዋቱ ሚስታቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ይወስዷቸዋል። ወይዘሮ አስካለ ፊታቸውን አበባው ውስጥ ቀብረው እስኪበቃቸው ያሸታሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ አቶ ወንድይፍራው ለማንም አይናገሩትም እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲያስታውሱት ይውላሉ።

ይህ ደስታ የቆየው ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ወይዘሮ አስካለን የበረንዳው ደረጃ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አሰረላቸውና ስድስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ እንዳይወርዱ አስጠነቀቀ።

በማግስቱ ወይዘሮ አስካለ ባላቸውን ጠሩ።

"እስቲ አንዲት ዘለላ ቆርጠህ አምጣልኝ። ብርጭቆ ውስጥ አድርገህ ራስጌዬ ብታስቀምጥልኝ ይበቃኛል።"

"ከተቆረጠማ በሦስት ቀን ይጠወልጋል፣ አስኩዬ" አሉ ባል። "እኔ እጠብቅልሻለሁ። የተነሳሽ ዕለት አንድም ሳይጎድል ሁሉንም ታገኚዋለሽ።"

ከልባቸው ነበር የተናገሩት። ወይዘሮ አስካለም የባላቸውን አመል ስለሚያውቁ ፈገግ ብለው ተዉት። ከሳምንት በኋላ ደግመው ጠየቁ፣ መልሱ ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም።

አቶ ወንድይፍራው ወንበራቸውን አጥሩ ሥር አውጥተው ጥበቃውን ተያያዙት። የጎረቤት ሴት ለልጇ ልደት ጥቂት አበባ ብትለምናቸው፣ ለሕመምተኛ የተቀመጠ ነው ብለው መለሷት። ንቦቹን እንኳ በጎሪጥ ያዩ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አበባው እየሳሳ መጣ። የረገፈው ሲረግፍ በምትኩ አዲስ አይወጣም፤ ሐረጉ በአበባ ፋንታ ፍሬ ማንጠልጠል ጀመረ። ውኃ አንሶት ይሆናል ብለው ውኃ ጨመሩ፣ ፍግም ጨመሩ። ቅጠሉ ጭራሽ ከሥሩ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ወይዘሮ አስካለ ከአልጋቸው ሆነው አበቦቹ እንዴት ናቸው ሲሏቸው፣ ይጠብቁሻል ይላሉ። ውሸት ያልለመዱ ሰው ስለሆኑ ድምፃቸው ያስታውቅባቸው ነበር።

ጀሶው የተፈታ ዕለት ወይዘሮ አስካለ የባላቸውን ትከሻ ተደግፈው ወደ አጥሩ ሄዱ። ፊታቸውን ወደ ሐረጉ አስጠግተው ቆዩ። ምንም አይሸትም። በእጃቸው ቢዳብሱ ያገኙት ደረቅ ቅጠልና ጠንካራ ፍሬ ነው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። በል ወደ ቤት መልሰኝ፣ እግሬን ደከመኝ ብቻ አሉ። አቶ ወንድይፍራው በዕድሜያቸው እንዲህ አንጀታቸውን የበላ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

በዚያው ዕለት አትክልተኛውን ቦጋለን ይዘውት መጡ፤ ምን በሽታ እንደገባው እንዲነግራቸው ለመኑት። ቦጋለ ሐረጉን አገላብጦ አየው።

"አልታመመም፣ ጋሽ ወንድይፍራው። ለመሆኑ አበባውን በስንት ቀኑ ነው የሚቆርጡለት?"

"እኔ ልቆርጠው? ማንም ሰው አላስነካሁም።"

"እሱ ነዋ። ይሄ ተክል የሚያብበው ዘር ለመተው ነው። አበባውን ከቆረጡበት፣ ዘሬን ሳልተው ብሎ እንደገና ያብባል። ከተዉት ግን ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬ ከያዘ ደግሞ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይደርቃል። በየቀኑ ቢቆርጡለት ኖሮ በየቀኑ ይሰጥዎት ነበር። አበባ ተክሎ የማይቆርጥ ሰው ይኖራል ብዬ ስላላሰብኩ ነው ያልነገርኩዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ተስፋ ይኖረው እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ሥሩ አልሞተም፣ ፍሬውን ሁሉ ለቅመው ውኃ ያጠጡትና ይሞክሩት አላቸው። አቶ ወንድይፍራው ፍሬውን አንድ በአንድ ሲለቅሙ ዋሉ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጎንበስ ብለው ሥሩን ያያሉ። ሁለት ሳምንት አለፈ። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ከአንዱ ሐረግ ሥር በወጣ ለጋ ቀንበጥ ላይ አንዲት ዘለላ አብባ አገኙ። በአጥሩ ሙሉ ሌላ የለም።

መቀሱን አነሱ። ወዲያው ደግሞ ትንሽ ትቆይ፣ እስኪበዙ ልጠብቅ የሚለው የድሮው አመል መጣባቸውና መቀሱን ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ሄደው ዘለላዋን ቆረጧት።

የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው ይዘው ሲገቡ፣ ብርጭቆው ገና ሳይቀመጥ ሽታው ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ደረሰ። ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ስንት ናቸው?" አሉ።

"አንዲት ብቻ ናት፣ አስኩዬ። ሁሉንም ታገኚዋለሽ ብዬሽ አንዲት ብቻ ይዤልሽ መጣሁ።"

ወይዘሮ አስካለ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሸተቱ፣ እንባቸውም ወረደ።

"እኔ የጠየቅኩህ እኮ ይህችኑ ነበር" አሉ።

ሐረጉ በማግስቱ ሌላ አበባ አወጣ፤ ከዚያም ሌላ። አቶ ወንድይፍራው ማለዳ ማለዳ መቀሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። የራስጌው ብርጭቆ ከሞላ የቀረውን ለጎረቤቷ ያደርሳሉ፤ እስከ የካቲት ድረስም አጥሩ ባዶ ሆኖ አላደረም።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን የምንወደውን ሰው የምንበድለው ከፍቅር ማነስ አይደለም። መልካሙን ነገር በሙሉ ለአንድ ትልቅ ቀን እናስቀምጥለታለን። እወድሃለሁ የሚለውን፣ አመሰግንሻለሁ የሚለውን፣ መጥቶ አንድ ሰዓት አብሮ መቀመጡን፣ ሁሉንም ቆልፈን እንጠብቃለን። የተቆለፈ ፍቅር ግን ደርቆ ይጠብቃል፤ እየተቆረጠ የሚሰጥ ነው የሚያብበው። እስቲ ያስቡ፤ ከእርስዎ አንዲት ዘለላ ለምኖ፣ ደግሞ ለምኖ፣ አሁን መጠየቁን የተወ ማን ነው?