የትርንጎ ፋሻ

በእኛ ሰፈር ጫማውን እያሰረ ከበር የሚወጣ ሰው ካየን አንድ ተረት ጣል እናደርግበታለን። ተረቱስ የአገር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የራሱ ታሪክ አለው።

የጎረቤቴ የመኩሪያ ልጅ ትርንጎ ነርስነት ተምራ የብቃት ምዘናውን አንዴ ወድቃለች፤ የጣላትም የተግባሩ ፈተና ነው። ዘንድሮም ከወደቀች ጤና ጣቢያው የያዘላት ቦታ ለሌላ ይሰጣል። እሷ ግን «ከፋሲካ በኋላ አጠናለሁ» አለች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርግ ነው፤ ትርንጎ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ሚዜ ናት!

አንድ ቅዳሜ የሚዜ ልብሷን እንደለበሰች፣ የሠርጉ መኪና ውጭ ክላክሱን እያንጫረረ፣ ለልምምድ ብላ የአባቷን ቁርጭምጭሚት በፋሻ ጠመጠመች።

«ላላ አላለም፣ ልጄ?»

«ደህና ነው አባዬ፣ የዛሬው ጥናቴ አለቀ!» ብላ በረረች።

አባት ሆዬ የልጁን ሙያ ሊያሳየን እንደታሰረ ወደ እድር ስብሰባ መጣ። ገና ሰላም ሳይለን ፋሻው ተተርትሮ ከኋላው ይጎተት ጀመር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘለቀ ሳያዩ ረግጠውት መኩሪያ በግንባሩ ሊደፋ ነበር። ሳቅን፤ ምን ይደረግ።

ትርንጎ ከሠርጉ ተመልሳ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «በቃ፣ ዘንድሮም ወደቅኩ!»

«ተመስገን በይ እንጂ» አላት አባቷ። «የተፈታው እኔ ላይ ነው። ፈተናው ገና ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሚዜነቱን ለሌሎች ለቀቀች። በየማለዳው አንድ ሙያ ብቻ፣ ረጋ ብላ ትለማመዳለች። የፋሻው ተራ ሲደርስ መኩሪያ ታስሮ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል፤ ሳይፈታ ከተመለሰ ቁርስ ይቀርባል፣ ከተፈታ እንደገና ይታሰራል። ሰፈሩ በሙሉ እግሩን እያየ ጥናቷን ይከታተል ነበር።

በፈተናው ቀን ፈታኟ በሽተኛ ሆኖ የተቀመጠውን ሰው «እስቲ ተራመድ» ስትለው ትርንጎ ዓይኗን ባሰረችው እግሩ ላይ ተከለች። ፋሻው ንቅንቅ አላለም። ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች! እፎይ አልን፤ እኔ እንኳ፣ የማልዛመዳት፣ እንባዬ መጣ።

መኩሪያ ለእድሩ ሊያበስር የጫማውን ክር እየቋጠረ ከቤት ተወረወረ። ደጃፋችን ላይ ሲደርስ ክሩ ተፈትቶ አደናቀፈው። ጋሽ ዘለቀ ክንዱን አፈፍ አድርገው እየሳቁ እንዲህ አሉት፦ «ቀስ በል እንጂ መኩሪያ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»