ጾመኛው በሬ

አንድ ልብስ ሰፊ የልቡ ቫልቭ ተበላሽቶ ሐኪሞች ከበሬ የልብ ሽፋን በተሠራ ቫልቭ ተኩለት። እሱም ሲድን "ግማሽ ጎኔ ከብት ሆኗል" እያለ በራሱ ሲቀልድ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ።

በሁዳዴ፣ ማኅበር ላይ ከጾም ማዕዱ ሊቀመጥ ሲል ሰብሳቢው ግራዝማች አጥናፌ በከዘራቸው አገዱት።

"የበሬ ሥጋ በደረቱ የያዘ ሰው ከጾመኛ ጋር አይቆርስም። ወይ አስወጣው፣ ወይ ከማኅበሩ ውጣ" አሉት።

ልብስ ሰፊው ደረቱን መታ መታ አደረገና፣ "ግራዝማች፣ ልቤ ሙሉውን የሰው ሳለ ሁዳዴን ሳልገድፍ አሳልፌ አላውቅም፤ በእርስዎ ጓዳ ተደብቀን አብረን ስንገድፍ ስለኖርን ያውቃሉ። ጎመን ያስለመደኝ ይኸው በሬ ነው" አለ።

ግራዝማች ከዘራቸውን አነሱና፣ "ተቀመጥ፣ ጎመኑ ሳይቀዘቅዝ" አሉት።