ክርን የፈራው ወጌሻ

አንድ ወጌሻ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ የጠየቅከኝን አልረሳሁትም። ‹የኔታ፣ ትምህርት የሚወድ ሰው በምን ይታወቃል? እኔ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ እፈራለሁ፤ ምናልባት አልወደው ይሆን?› ብለኸኛል። ስማ እንግዲህ።

ይህ ወጌሻ ሠላሳ ዓመት የሰው አጥንት ሲጠግን ኖሯል። ጭን ቢሰበር፣ ትከሻ ቢወልቅ፣ ከሦስት ወንዝ ማዶ ሳይቀር እሱን ብለው ይመጣሉ። እጁ ገና ሲነካህ ሕመሙ ይቀልሃል ይሉለታል። እሱም ይህን ሲሰማ ኖሮ ኖሮ አመነው።

አንድ ቀን ከዛፍ የወደቀ አንድ ሸማኔ በቃሬዛ አመጡለት። የተሰበረው ክርኑ ነበር። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ሲዳስስ ከጣቱ ሥር የማያውቀው ነገር ተንኮሻኮሸ፤ የቱ ከየት እንደሆነ የማይለይ ስብርባሪ። ላብ በላብ ሆነ። ቀና ሲል ያ ሁሉ ሰው አፍ አፉን ያያል። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቀላል ነው፣ ይድናል አለና እንደ ጭን አጥንት በቀርከሃ ደግፎ ጥፍር አድርጎ አሰረው።

የሸማኔው ክንድ እንደ ዱላ ደርቆ ቀረ። መወርወሪያ መወርወር አቃተው። ሰውየው ግን አልወቀሰም፤ የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ዶሮ ይዞ ሊያመሰግን መጣ። ወጌሻው ዶሮውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። ደጁ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ክርን አይሁን እንጂ የፈለገው ይሁን እያለ ይጸልያል። ጉልበት የተሰበረ ሲያመጡለት እፎይ ይላል፣ በሰው ስብራት!

ከወንዙ ማዶ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። የጣትና የክርን ስብራት ትጠግናለች ይባላል። ሰው ግን ዓይኗ ይበላል እያለ ይሸሻታል። የቂል ወሬ ነው፤ ወጌሻውም ግን ያምነው ነበር። ከዓይኗ ይልቅ የፈራው ደግሞ የሰውን አፍ ነው። ያ ስመ ጥር ወጌሻ ሸክላ ሠሪ ደጅ ጠና ቢባልስ? ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

በዓመቱ የሸማኔው ልጅ ከምንጭ ስትመለስ አዳልጧት ወደቀች። አባቷ እጁ ከደረቀ ወዲህ ቤቱን የምታኖረው እሷ ናት፣ ፈትላ። ክርኗ ነው የተሰበረው። አባትየው በዚያ በደረቀ ክንዱ ደግፎ አመጣትና፣

«አደራህን፣ ለኔ እንዳደረግክልኝ አድርግላት» አለው።

ወጌሻው ቀርከሃውን አነሣ። እጁ እምቢ አለው። ዝም ብሎ ቢያስራት የሚያውቅበት አልነበረም። ቀርከሃውን መሬት አስቀመጠው።

«እኔ ክርን አላውቅም» አለ። «ያንተንም አላወቅኩትም ነበር።»

ሸማኔው ክንዱን አየ፣ ወጌሻውን አየ። ወጌሻው እየፈራ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ከፊት ከፊት መራ፤ አባትና ልጅ ተከተሉት፤ ወንዙን ተሻገሩ።

ሸክላ ሠሪዋ ልጅቷን ጠገነቻት። አባትና ልጅ ሲመለሱ ወጌሻው እዚያው ቀረ፤ አስተምሪኝ ብሎ መሬት ተቀመጠ። ሴትየዋም ማሰሮ ጆንያ ውስጥ ከትታ በድንጋይ ሰባበረችና፣ እጅህን አስገባ፣ ሳታይ ግጠመው አለችው። ገሉ ጣቱን ቆረጠው። በነጋታውም ቆረጠው። ሲተኛ፣ ይህ ነገር አይሆንልኝም እያለ ይፈራል፤ ሲነጋ ግን ጆንያው ይናፍቀዋል። ከነፍርሃቱ ይናፍቀዋል። እንዲህ እያለ ክርን አወቀ።

አየህ ልጄ፣ ሰውየው መጀመሪያም ፈራ፣ መጨረሻም ፈራ። ፊት ፍርሃቱን በቀርከሃ አስሮ ሸፈነው፤ ኋላ ተከትሎት ወንዝ ተሻገረ። ትምህርት የሚወድ ሰው በዚህ ይታወቃል። አንተም አሁን መምህር ተብለሃል። ለተማሪዎችህ ስታነብ አንዲት ገጽ እየዘለልክ እንደምታልፍ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማሃለሁ። አትደንግጥ። እኔም ፍቺዋን ሳላውቅ ያቺኑ ገጽ ስዘል ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ፤ አንተንም ሳላስተምርህ የቀረሁት ለዚህ ነው። ከገደሉ ሥር ያሉት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ያውቋታል አሉ። ነገ መጽሐፉን ያዝና ና፤ እጄን ትደግፈኛለህ፣ አብረን እንጠይቃቸዋለን።